እጄን አይተው ጊታሬን ላስተካከሉልኝ አባት

ይህን የምጽፈው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ምስጋና ነው። ሁለተኛው ጥቆማ። አሮጌ ጊታር ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ሬዞኔተር የሚባለው የብረት ጊታር ቤታችሁ ያለ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተንገላትቻለሁ።

የባለሙያውን ስም እዚህ አልጽፍም። እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። «ልጄ፣ ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰልፍ ማስተናገድ አልችልም» አሉኝ። ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔ አገናኛችኋለሁ። ስም አልጽፍም አልኩ እንጂ አላመሰግንም አላልኩም። እሱንማ ማንም አይከለክለኝም።

ጊታሬ ናሽናል የሚባለው ድርጅት የሠራት፣ ዱኦሊያን የምትባል ሬዞኔተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራች። ገላዋ በሙሉ ብረት ነው። ሆዷ ውስጥ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ሾጣጣ ሰሃን አለ፤ ኮን ይሉታል። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ ወደዚያ ይወርዳል፣ ድምፁንም የሚያጎላው እሱ ነው። ሰን ሃውስና ቡካ ኋይት የመሳሰሉ የብሉዝ ሰዎች የናሽናል ጊታር ሲጫወቱ የሰማ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ያልሰማ ይስማ። እኔ በሱ ነው የተለከፍኩት፤ ከዚያ በኋላ የማገኘው ገንዘብ ሁሉ ወደ አሮጌ ጊታር ሄደ። ቤተሰቦቼ ተስፋ ቆርጠውብኛል።

ዱኦሊያኗ አንድ ቀን ታመመች። ወፍራሙን ክር ስመታ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ጢንዚዛ ጥዝዝ ትላለች። ክር ቀየርኩ፤ ያው ነው። በዚህ ላይ እኔም ጤነኛ አልነበርኩም። ከደረሰብኝ አደጋ በኋላ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ጊታር የሚጫወት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ቦታ የወሰድኳት ቀን ሰውየው ገና ከቦርሳዋ ሳያወጣት «ስንት ገዛሻት?» አለኝ። ምን ሆነች አላለም። ከዚያ ጎኗን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ኮኑ ሞቷል፤ ከፈለግሽ ባለችበት ልውሰዳት» አለ። አልሸጥም ስለው ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። ቀለሟን ልጦ፣ አዲስ ቀብቶ፣ እንደ አዲስ ሊያደርጋት። አሮጌ ጊታር የሚሰበስብ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። የፋብሪካው ቀለም ቢያረጅም ቢላላጥም የዕቃው ዋጋ አንዱ ምሰሶ እሱ ነው። አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ጊታሬን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። እዚያ ትቻት ሄድኩ። ስደውል አይነሳም። ሲነሳ «ነገ» ነው። የሱ ነገ የማያልቅ ነገ ነበር። በመጨረሻ ስትመለስ ጥዝታው ጠፍቷል፣ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ስመታት ግን ድምፁም አብሮ ጠፍቷል። ያ ሁሉ ጩኸት የት ገባ? አፏን በትራስ ያፈኗት ነው የምትመስለው። ሽፋኗን የሚይዙት ብሎኖችም ጎድለዋል። ስጠይቀው «አሮጌ ዕቃ እኮ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ገንዘቡን ግን ከአዲስ ዕቃ አስበልጦ ነው የተቀበለኝ።

ሦስተኛው ጊታሯን እንኳ ብዙ አላየም። እጄን ነው ያየው። «አንቺ ለምን አትሸጫትም? ከእንግዲህ ምን ታደርግልሻለች?» አለኝ። ክፉ ለመሆን ብሎ አይመስለኝም። ግን ከልቤ አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ዱኦሊያኗን ከአልጋ ሥር አስገብቼ ለረጅም ጊዜ አላየኋትም።

ወደ እኚህ አባት የላከችኝ ጓደኛዬ ናት። እሷም ብዙ ከለመነችኝ በኋላ ነው የሄድኩት። እዚያ ስደርስ ዋጋ አልጠየቁኝም። ዓመተ ምሕረት አልጠየቁኝም። ጊታሯን ከቦርሳዋ አውጥተው፣ በጨርቅ ጠረግ አድርገው፣ መልሰው ለእኔ ሰጡኝና «ተጫወችልኝ» አሉኝ።

አልችልም አልኩ። «የቻልሽውን» አሉ።

የቻልኩትን ተጫወትኩ። እጄን እንዳያዩብኝ ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የጊታሯን ችግር እየሰሙ ነው ብዬ ነበር። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡና ምን አሉኝ መሰላችሁ? «የትኛው ጣት ነው እምቢ ያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሐኪም እንኳ እንደዚህ አድርጎ አልጠየቀኝም። እንባዬ መጣ። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው መፍቻ ፍለጋ ተነሱ።

ከዚያ ከፈቷት። አከፋፈታቸውን ብቻ ብታዩ! ካርቶን ላይ ክብ ሥለው፣ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቀዳዳ ትይዩ ካርቶኑ ላይ ሰኳት። አንዷም ቦታዋን እንዳትስት። ሽፋኑ ሲነሳ ለካ ያ ሁለተኛው ሰውዬ ኮኑን ዙሪያውን በማጣበቂያ ለጥፎታል! ኮን ደግሞ አይለጠፍም። ጠርዙ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ቦታው ላይ የሚይዘው የክሮቹ ጫና ነው። ይህን ያህሉ ገብቶኛል። የቀረውን ብዙ አስረዱኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር አልገባኝም።

እኔ ሰውየውን አብረውኝ እንዲሰድቡት ጠብቄ ነበር። አልሰደቡም። «ገና ሥራ እየተማረ ነው» ብለው ዝም አሉ። ትንሽ ተናደድኩባቸው።

ማጣበቂያውን ማንሳት ጊዜ ፈጀ። ኮኑ በጣም ስስ ነው፤ በአውራ ጣት ጫን ቢሉት ይጎደጉዳል። አዲስ ይግባ ብዬ ጠየቅኩ። አዲስ ይገኛል፣ ናሽናል ሬዞ-ፎኒክ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በድሮው አሠራር ጊታር ይሠራል፣ ኮንም ያቀርባል። «አዲስ ማስገባት ለእኔ ይቀለኛል፣ ገንዘቡም ይሻለኛል» አሉ። «ግን ይቺ ገና አልጨረሰችም።» አሮጌውን ኮን አጽድተው መልሰው አስቀመጡት። ጥዝታውም ምንጩ እዚያው አካባቢ ነበር። እንዴት እንደጠፋ አትጠይቁኝ። ጠፋ።

እየሠሩ ያወራሉ። የዚህን ጊታር ታሪክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሳቸው አፍ ነው የተማርኩት። ድሮ ጊታር ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲሆን አይሰማም ነበር። ጆርጅ ቢቻም የሚባል የመድረክ ሙዚቀኛ ይህ አንገብግቦት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መሣሪያ ይሠራ ለነበረው ለጆን ዶፔራ ድምፁ የሚጮህ ጊታር ሥራልኝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሦስት ኮን ያለው ጊታር በናሽናል ስም ወጣ። ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ዶፔራ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ዶብሮ የሚባለውን ሌላ የሬዞኔተር ድርጅት መሠረተ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ጊታር መጣ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም መጣ፣ ብረቱ ለሌላ ነገር ተፈለገ፤ የናሽናል ሬዞኔተሮችም ቆሙ። «ጠብ ባይኖር አንዱን ዓይነት ብቻ ነበር የምናውቀው» አሉና ሳቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁሉን ገጥመው ከጨረሱ በኋላ ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ ብረት አወጡ። አንገቷ ጫፍ ላይ፣ ክሮቹ ተደግፈው የሚያልፉበት ነት የሚባል ነገር አለ፤ ብረቷን እዚያ ላይ ደፏት። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ አሉ። ጊታሯን ጉልበቴ ላይ አንጋለሉልኝ። ግራ እጄ ውስጥ ደግሞ ከባድ፣ ለስላሳ የብረት ዘንግ አስጨበጡኝ። «ጣት ማጠፍ አያስፈልግሽም። አንሸራትቺው» አሉኝ።

ለካ ይህ የሃዋይ አጨዋወት ነው! ናሽናልም ገና ሲጀመር ብዙ ገዢዎቹ እንደዚህ ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው የሚጫወቱ ነበሩ። ሶል ሆኦፒኢ የሚባለው የሃዋይ ሰው በባለ ሦስት ኮኑ ናሽናል ጉድ የሠራው እንዲህ አድርጎ ነው። ለዚህ ተብሎ አንገቱ አራት ማዕዘን የሆነ ጊታርም ይሠራ ነበር። የእኔዋ አንገቷ ክብ ስለሆነ ነው ያቺ ብረት ያስፈለገችው። ደስ የሚለው ነገር ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተቦረቦረም። «ነገ ጣትሽ ቢመለስልሽ ብረቷን ታነሺያታለሽ፤ ጊታርሽ እንደነበረች ናት» አሉኝ። ቢመለስልሽ ማለታቸው ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ቅኝቱንም ቀየሩልኝ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ። ዘንጉን ቀጥ አድርጌ አንድ ቦታ ላይ ሳሳርፈው ሙሉ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚስማሙ ድምፆች፣ ይወጣል። ከተለመደው ቅኝት ሦስቱ ክሮች ዝቅ ይላሉ እንጂ ከፍ የሚል የለም፤ ስለዚህ ያረጀው አንገቷ አይጨነቅም። ዶብሮ ተጫዋቾች የሚወዱትን፣ ወፍራሞቹን ክሮች ወደ ላይ የሚጎትተውን ቅኝት ግን በዚህች ጊታር ላይ እንዳልሞክር አስጠንቅቀውኛል። ዘንጉንም ጣት እንደሚቀመጠው ከፍሬቱ (አንገቷን አቋርጦ ከተተከለው ቀጭን ብረት) ኋላ ሳይሆን ልክ ከፍሬቱ አናት ላይ ማሳረፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ ድምፁ ይዛነፋል። መጀመሪያ ላይ በጣም ይዛነፍ ነበር። ጎረቤቶቼን እግዜር ይስጣቸው።

ክር አቀያየርም እዚያው በራሴ እጅ አስቀየሩኝ። አንዱን አውጥቶ አንዱን ማስገባት ነው። ሁሉንም በአንዴ ካወለቅነው ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም፣ ቦታውን ይለቃል። ስንት ሰው ይህን አያውቅም! ጊታር ጠጋኝ ነኝ የሚለውም አያውቅም። የክሩን ውፍረትም ነግረውኛል፤ ከ0.013 ኢንች የሚጀምረውን ነው የምጠቀመው። ለምን እንደሆነ እሳቸውን ጠይቁ።

ሌላም አለ። አንዲት ትንሽ አሮጌ የእንጨት ጊታር አለችኝ፤ ፊቷ ማበጥ ጀምሮ ነበር፣ ክሮቹ ፊቷ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጇም ሊነሳ ነው። ለሥራ ሳይሆን ለማሳየት ያህል ይዣት ሄድኩ። ገና ሲያይዋት የብረት ክሮቹን ፈቷቸው። እሷ የተሠራችው በአንጀት ክር ዘመን ነው፤ ማርቲን የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ እንኳ ወደ ብረት ክር የዞረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ስስ ፊት የብረት ክር ጉተታ አይችልም። ናይለን ክር አስገቡላትና «በቃ፣ ትረፍ» አሏት። ሒሳብ ስጠይቅ የክሩን ብቻ ተቀበሉ። እኔ ብሆን ኖሮ የዕውቀቱን አስከፍል ነበር።

አሁን በየቀኑ እጫወታለሁ። ጎበዝ ሆኛለሁ አልልም። ግን ዱኦሊያኗ ከአልጋ ሥር ወጥታለች፣ ትጮኻለች፣ ያ የድሮ ጩኸቷ ተመልሷል። እህቴ «መልሰሽ እዚያው ክተቻት» እያለች ትቀልድብኛለች። አባቴ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርከው። ያደረጉልኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

እናንተ ደግሞ ሂዱ። ጊታራችሁ ቆርቆሮ ነው፣ ሞቷል፣ ሽጡት ያሏችሁ ሰዎች ካሉ አትስሟቸው፣ መጀመሪያ እኚህን ሰው አሳዩ። የሚሠራ ከሆነ ይሠራል ይሏችኋል፤ የማይሠራ ከሆነም ገንዘባችሁን ሳይበሉ ይነግሯችኋል። እንደዚህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? እባካችሁ ሂዱ።

ጥቂት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ክሮቹን ሳታወልቁ ውሰዱት፤ የታመመውን ድምፅ እንዳለ መስማት ይፈልጋሉ። በማብረቂያ አትፈትጉት፣ ያ ይናደዱበታል። የምትቸኩሉ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ እሳቸው አይቸኩሉም፣ ሥራቸውንም አያስቸኩሉም። አልችልም ብትሉም ሳያጫውቷችሁ ዕቃችሁን አይነኩም፣ ስለዚህ አንድ ዜማ ተዘጋጁ። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ «እሱ መብራት ነው የሚፈልገው» ብለው ከበር ይመልሷችኋል።