ሐይቁ ዳር «በእጅ የተቀረጸ የጠመንጃ ብረት» የምትገዙ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች በአንዱ ውስጥ ዓይኔ እያየ ተዘርፌያለሁ።

ባለመደብሮቹን ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ወንበር ይቀርባል፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ ታሪክ። ጎራዴው ሁሉ የአንድ ራስ ነው፤ ጋሻው ሁሉ ዓድዋ ዘምቷል፤ «ትናንት ፈረንጅ ሊወስደው ነበር፣ ለሀገሬ ሰው ብዬ አስቀረሁት»። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዕቃውን ያሳዩኝ፦ ከአሮጌ የአደን ጠመንጃ የተነቀለ የጎን ብረት፣ መዳፍ የማይሞላ። «የጣሊያን መኮንን በአምስቱ ዓመት ጥሎት የሄደ ነው» አሉኝ። ታሪኩን አላመንኩም፤ ለእርሱም አልከፈልኩም። የከፈልኩት ለሥራው ነው።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ብረት ላይ የሚሄድ እጅ ምን ዓይነት ዱካ እንደሚተው ከልጅነቴ አውቃለሁ። በሰሌዳው ላይ ሁለት ዳክዬዎች ከሸምበቆ መካከል ይነሣሉ፣ ዙሪያቸውን የቅጠል ሐረግ ከቧቸዋል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ዳክዬ ከደንገል ውስጥ ሲነሣ አንገቱን እንዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል፤ ቀራጩም አይቶ ነው የቀረጸው። መስመሩ ሲጀምር ቀጭን ነው፣ ጥምዙ ላይ መቅረጫው ስለሚጠልቅ ይሰፋል፣ ሲወጣ መልሶ ይሳሳል። የመስመሩ ግድግዳ ስለታም በመሆኑ ብረቱን ባዘነበልኩ ቁጥር ብርሃኑ ከላባ ወደ ላባ ይዘላል። በማሽን የታተመ ወይም በአሲድ የተበላ ጌጥ ይህን አያደርግም።

ይህን ሙያ አንዳንድ ከተሞች ትውልድ በትውልድ ይዘውት ኖረዋል። የቤልጅጉ የጠመንጃ ፋብሪካ ኤፍ ኤን እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በፌሊክስ ፉንከን የሚመራ የቀራጮች ክፍል ነበረው። በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ አካባቢ እነ ፊርሞ ፍራካሲ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ግፊት ብቻ፣ በደቃቅ ነጥብና ጭረት የአውሬን ፀጉር ፎቶግራፍ እስኪመስል ያወጡታል። የታወቁት ስማቸውን በትንሹ ይፈርማሉ፤ ብዙዎች ግን ሳይፈርሙ አልፈዋል። የኔው ሰሌዳም ፊርማ አልነበረውም። ከግራው ዳክዬ ክንፍ ሥር ግን መቅረጫው ከእጅ አምልጦ የሄደባት አንዲት አጭር ጭረት ነበረች። ከሁሉም አብልጬ የወደድኳት እርሷን ነው። 18,000 ብር ከፈልኩ።

«እህቴ፣ እንዲህ በጨርቅ ተጠቅልሎ አይሄድም። ዋንዛ ላይ አድርገን እናሳምርልሽ፤ ለእንጨቱ አላስከፍልሽም። ከሰዓት በኋላ ብቅ በይ» አሉ አዛውንቱ ባለመደብር።

ተመልሼ ስሄድ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። እዚያው ፈታሁት። ዳክዬዎቹ አሉ፣ ሸምበቆው አለ፣ ጭረቷም አለች። በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዘነበልኩት፤ ብርሃኑ አልተንቀሳቀሰም። የላባዎቹ ጠርዝ እጅ የበዛበት ሳሙና መስሏል። ጭረቷን በጥፍሬ ዳሰስኳት። ጠዋት ጥፍሬን ትይዝ ነበር፤ አሁን ታንሸራትታለች። ጥጉን በመሐረቤ ስፈትገው ጥቁሩ ቀለም ለቀቀና ቢጫ ናስ ብቅ አለ። ቀና ስል ከባለመደብሩ ጀርባ በመደርደሪያው ላይ፣ ዋንዛ ላይ የተለጠፉ ሌሎች ሦስት ሰሌዳዎች ቆመዋል። በሦስቱም ላይ፣ ከግራው ዳክዬ ክንፍ ሥር፣ ያቺው ጭረት! አንድ ሰው አንድ ቀን እጁ ያመለጠው ነገር በአራት ናስ ላይ ፈስሶ።

«ጋሼ፣ ይህ የሰጠሁዎት አይደለም።»

«ሥዕሉ ያው ነው። ጭረትሽም አለልሽ። ምን ጎደለሽ?»

«የሰጠሁዎት ብረት ነው፤ ይህ ናስ ነው።»

ረዳታቸው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ «ሴት ከመቼ ወዲህ ነው የጠመንጃ አዋቂ የሆነችው?» አለና ሳቀ። አዛውንቱም አብረው ሳቁ። ከዚያ ደረሰኙን ከእጄ ወስደው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ «የጌጥ ብረታ ብረት፣ አንድ» ይላል። «የተጻፈልሽን ወስደሻል» ብለው በግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ቡናው፣ «እህቴ» ማለቱ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት አለቀ። ሌላ ደንበኛ ሲገባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንበር ሊያቀርቡለት ሄዱ።

ብሩ ያንገበግበኛል፤ ከብሩ ይልቅ ግን «ሥዕሉ ያው ነው» የሚለው ቃል። ያ ቀራጭ ዓይኑን ያፈሰሰበት ሥራ ለእነርሱ የቅርጽ ማውጫ ብቻ ነው። ሰው እንደሠራው የምትመሰክረዋን ጭረት ሳይቀር ማታለያ አደረጓት። ነገ የከተማችን አንጥረኛ ሌሊቱን ሲቀርጽ ያደረውን ይዞ ቢመጣ የሚመልሱለት ይህንኑ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ ከጎኑ የናስ ቅጂ አቁመው «ሥዕሉ ያው ነው፣ ዋጋህን ቀንስ» ይሉታል።

ለምትገዙ፦ ማግኔትና ማጉያ መነጽር ያዙ። ማግኔቱ ናሱን ያጋልጣል፤ በማሽን የታተመውን ብረት ግን የሚለይላችሁ መነጽሩ ብቻ ነው። በደረሰኙ ላይ «ብረት፣ በእጅ የተቀረጸ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። አንዴ ከፍላችሁ ከያዛችሁት በኋላ «ላሳምርልሽ» ለሚል ሰው አትመልሱ።

ከማስረከቤ በፊት ያነሣሁት ፎቶግራፍ አለኝ። እርሱንና ናሱን ይዤ ሰኞ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ከዚያው መደብር ዳክዬዎቹን የገዛችሁ ካላችሁ ከክንፉ ሥር እዩና ጻፉልኝ፤ አብረን እንሂድ።