ለጀልባዬ አናጢ ምስጋና፤ ሲያትል ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ አሮጌ ጀልባ ያላችሁ ወገኖቼ! ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔ እስካሁን በአካል ያገኘሁት ሁለት ሰው ብቻ ነው። ጀልባ የሌላችሁም ግን አንብቡት፤ የማመሰግናቸው ሰውዬ የቤት በርም፣ የድሮ ቁምሳጥንም ይሠራሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸው "ስሜን እዚያ ላይ እንዳትለጥፍ" ብለውኛል። ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ጀልባዋ 34 ጫማ ናት። 1979 ታይዋን ተሠርታ፣ ከስንት ባለቤት በኋላ እኔ እጅ ገባች። አካሏ ፋይበርግላስ ነው። ውስጧ ግን ቲክ የሚባለው እንጨት ነው፣ ቲክ ብቻ። በዚያ ዘመን የታይዋን ጀልባ ሠሪዎች እንጨት አልሰሰቱም። ግድግዳው፣ መሳቢያው፣ መሰላሉ፣ የመስኮቱ ዙሪያ፣ ሁሉም ቲክ። ባለቤቴ መጀመሪያ የገባች ቀን አፍንጫዋን ይዛ "የአያቴ ሳጥን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ" አለች። እውነቷን ነው። ቫርኒሹ ቢጫ ሆኖ ተልጧል፤ ከግራ በኩል ካለው መስኮት ሥር ደግሞ ጥቁር እድፍ እስከ አልጋው ድረስ ወርዷል።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። የማውቀው ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ቫርኒሽ የሚባል ጣጣ የለውም።

ከጋሼ በፊት ሌላ ሰው አስገብቼ ነበር። ማንነቱን ልተወው። በኤሌክትሪክ መፋቂያ ግድግዳውን እንደ አስፋልት ይፈገፍገው ጀመር። እኔ ደግሞ ከውጭ ሆኜ "ጎበዝ፣ ፈጣን ነው" እያልኩ ቡና እጠጣለሁ። ስመለስ ከመስኮቱ ሥር የሰሃን አፍ የሚያህል ቦታ ላይ ቲኩ የለም። ለካ የጀልባዬ ግድግዳ ወፍራም ጣውላ አይደለም፤ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ የቲክ ልባስ ነው። እሱን በልቶ ታች ያለውን ነጣ ያለ እንጨት አውጥቶታል። ሰውዬው "በቀለም ይሸፈናል" ብሎ የቀኑን ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። በንዴት ቲክ ዘይት ገዛሁና ሁሉንም ቦታ ቀባሁት። በማግስቱ ከላዩ ላይ ርካሽ ቫርኒሽ ደረብኩ። ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። የእጄ መዳፍ አምስት ጣቱ ሳይጎድል ግድግዳው ላይ ታትሞ ቀረ።

ጋሼን ያገናኘኝ ቼሪ ጎዳና ላይ ካለ ሐበሻ ምግብ ቤት ያገኘሁት ልጅ ነው። አዲስ አበባ እያሉ የቤት ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ማብለጭለጫ በጨርቅ ጠቅልለው ሲቀቡ ነው የጎለመሱት። እዚህ ከመጡ በኋላ ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ የእንጨት ቴክኖሎጂ ማዕከል ገብተው የጀልባ አናጢነት ተማሩ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሰው ጀልባ ላይ ሲሠሩ ቆዩ።

ኖቬምበር ላይ መጡ። ብርጭቆ ወረቀት አልያዙ፣ ቡሩሽ አልያዙ፤ አንዲት ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ብቻ። በካቻቢቴው እጀታ ግድግዳውን እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሄዱ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው። ከመስኮቱ ሥር ሲደርሱ ድምፁ የእርጥብ ካርቶን ሆነ። የታተመውን መዳፌን ሲያዩ ሳቁ እንጂ ምንም አላሉም።

"መቼ እንጀምር?" አልኳቸው።

"ምኑን? መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ እንወቅ እንጂ።"

እኔ ጥፋተኛው ባሕሩ መስሎኝ ነበር። ጀልባዋ የምትቆመው ሺልሾል በሚባለው የሲያትል የጀልባ ማቆሚያ፣ ጨው ውሃ ላይ ነውና። ጋሼ ግን "ልጄ፣ ቋንጣ ላይ ለምን ጨው ይነሰነሳል? ጨው ያቆያል እንጂ አያበሰብስም። አንተን የጎዳህ ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው" አሉኝ። በኋላ ሳነብ እውነት ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚመቸው የዝናብ ውሃ ነው። አሮጌ ጀልባ የሚበሰብሰው ከላይ ወደ ታች ነው ማለት ነው። ለሲያትል ሰው ደግሞ ዝናብ ምን እንደሆነ አይነገርም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ ዋጋ አታወጡበትም፣ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ከውስጥ በኩል በመስኮቱ ዙሪያና በጣሪያው ጠርዝ ሶፍት በፕላስተር ለጠፍን። አዎ፣ የሽንት ቤት ሶፍት። ከዚያ እሳቸው ከውጭ በጎማ ውሃ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ከታች ተነስተው ወደ ላይ፣ በአንድ ቦታ አሥር ደቂቃ። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሶፍት እጠብቃለሁ። የመስኮቱ ዙሪያ ደረቅ ነው። ልንተወው ስንል፣ ጣሪያው ላይ ያለው የእጅ መደገፊያ ጋ ሲደርሱ አንዷ ሶፍት ጨለም አለች። ውሃው የሚገባው መደገፊያውን በያዘው ቪቲ ቀዳዳ ኖሯል፤ ከዚያ አንድ ሜትር ያህል በጣሪያው ውስጥ ተጉዞ መስኮቱ ሥር ይወጣል። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ መስኮቱን በሲሊኮን ሞልቶት ነበር። ምስኪን መስኮት!

ጋሼ ቪቲዎቹን ሁሉ ነቅለው ቀዳዳውን አሰፉት፣ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ደፈኑት፣ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና በሱ፣ ከሥሩ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቡቲል አድርገው መልሰው አሰሩት። አሁን ቪቲው ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኤፖክሲ ነው፣ እንጨቱን አይነካም።

"አሁንስ እንጀምር?"

"አሁንማ ይድረቅ። በሜይ እመጣለሁ።"

ከኖቬምበር እስከ ሜይ! ተናደድኩ፣ አልደብቅም። ሌላ ሰው ልፈልግም አስቤ ነበር። እሳቸው ግን እርጥበት መጣጭ ማሽን አስገዝተውኝ ሄዱ፤ በየሁለት ቀኑ ባልዲ ውሃ ከውስጡ እደፋለሁ። መጀመሪያ ሙሉ ባልዲ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ማርች ላይ አንድ ኩባያ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ውሃ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ቫርኒሽ ብናለብሰው በአንድ በጋ ይላጥ ነበር።

ሜይ ላይ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። የኔን ዘይትና ቫርኒሽ በሙቅ አየር ማፍያና በስለት ፋቁት፤ ማሽን አላስነሱም። ልባሱ ስስ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀቱ በእጅ ብቻ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ብቻ። ጥቁሩን እድፍ በኦክሳሊክ አሲድ አጠቡት። ዱቄት ነው፣ በሙቅ ውሃ ይሟሟል፣ በቡሩሽ ይቀባል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ እንጂ እንደ ቀልድ አትያዙት። እድፉ ከብረትና ከውሃ የመጣ ስለነበር ዓይናችን እያየ ለቀቀ። ከዚያ ደጋግመው በንጹሕ ውሃ አጠቡት።

አሁን የምወዳት ክፍል መጣች። ያቺ የተበላችው ሰሃን! በቀለም አልሸፈኗትም። ከአሮጌ መሳቢያ ጀርባ የተረፈ የቲክ ልባስ ነበራቸው፤ ቁርጥራጭ አይጥሉም። ከ2021 ወዲህ አሜሪካ በማያንማር መንግሥት የእንጨት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ከጣለች ጀምሮ ጥሩ ቲክ ማግኘት መከራ ነው ይላሉ። የልባሱን ቁራጭ ግድግዳው ላይ እያስጠጉ፣ ወዲያ እያዞሩ፣ ወዲህ እያዞሩ፣ መስመሩ ከመስመሩ እስኪገጥም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ክብ አድርገው አልቆረጡትም። "ክብ ነገር ዓይን ይጠራል" አሉኝ። እንደ ቅጠል ሾል አድርገው፣ ጫፎቹ በእንጨቱ መስመር ውስጥ እንዲጠፉ አድርገው ቆረጡት። ኮላ፣ የፕላስቲክ ወረቀት፣ ጣውላ፣ ከላይ ደግሞ የመኪናዬ ባትሪ ክብደት እንዲሆን። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ "የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ" እላለሁ። እስካሁን ያገኘ የለም።

ቫርኒሹ ላይ ፈጠን ልበል። ቲክ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ከመቀባቱ በፊት በአሴቶን ጠረጉት። የመጀመሪያው እጅ በአኳራጅ በደንብ የቀጠነ ነበር፣ ወደ ውስጥ እንዲገባ። ከዚያ አምስት እጅ፤ በየመሐሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ። እኔ ብልጭልጭ አልወድም፣ ድብዝ ያለውን ነው የምፈልገው ብያቸው ነበር። እሳቸው አምስቱን በሚያብለጨልጨው ቀብተው የመጨረሻዋን ብቻ በድብዙ ጨረሱ። ድብዙ ውስጥ ያለው ማደብዘዣ ሲደራረብ እንጨቱን ጭጋግ ያለብሰዋል አሉ። ቆርቆሮውንም አይነቀንቁትም፣ ቀስ ብለው ያማስሉታል፤ ከተነቀነቀ አረፋው ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ሌላም አየሁ። ማታ ሲወጡ በቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ጀልባ ውስጥ አይተዉም፣ ጨምድደውም አይጥሉም። እንደ ልብስ አንድ በአንድ ውጭ ያሰጡታል። ዘይት ያለበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ በራሱ ሊነድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጀልባችሁ ውስጥ አታስገቡ።

ጁላይ አጋማሽ ላይ አለቀ። አገር ቤት ክረምቱ ሲከብድ እዚህ ደረቁ ወቅት ነው፣ ለቫርኒሽ የተፈጠረ። ለእጃቸው የከፈልኩት 3,400 ዶላር ነው፤ ዕቃውን እኔ ገዛሁ። ሌላ ቦታ 9,000 ጠይቀውኝ ነበር፣ ያውም ውሃው በየት እንደሚገባ ሳይጠይቁ። በዚያ ላይ መጀመሪያ የተነጋገርነው 3,800 ነበር። "ወለሉ እንደፈራሁት አልሆነም" ብለው ራሳቸው ቀነሱ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዴ ይመስሏችኋል። ቴክስት አይመልሱም። እሑድ አይሠሩም፣ በጾም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። ስትቸኩሉ ይባስ ይዘገያሉ። ከኩሽናው በኩል ያለች አንዲት መሳቢያ ዛሬም ትነክሳለች፤ "ከነገርኳት ዓመት በኋላ ትለቃለች" ብለውኛል፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ እንጃ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ባለቤቴ አሁን ጀልባዋ ውስጥ ጀበና አስገብታለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ካልመጡ ትቀየማለች። ካቻቢቴዎንም መሰላሉ ሥር ረስተውታል።