የሰባት ቀኑ የትራማዶል ማቆሚያ ሕክምና በደሴ፦ የሚሠራውና የሚተወው

የምንገመግመው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የትራማዶል ሱስ ለያዘው ሰው የሚሰጠውን የሰባት ቀን ሕክምና ነው፤ ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት፣ ከሞርፊን ወገን ከሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው። ስሙን መጥራት አይጠቅምም፤ «ሳምንት ተኝተህ ነጻ ትወጣለህ» ማለት የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም።

ሰባቱ ቀን በደንብ ተይዟል። ሐራራው ከመጨረሻዋ ፍሬ በኋላ ቀን ሳይሞላ ይጀምራል፦ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ላብ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ እግር አላሳርፍ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ሳምንት ሲሞላ ይበርዳል። ለተቅማጡ ሎፔራማይድ፣ ለቁርጥማቱ አይቡፕሮፌን፣ ለፈሳሹ ኦአርኤስ፣ ለላቡና ለመቁነጥነጡ ክሎኒዲን ይሰጣሉ። ክሎኒዲን ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ ደም ግፊት ይለካሉ፤ መድኃኒቱ ግፊት ስለሚያወርድ ሳይለካ የዋጠ ሰው ከአልጋው ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። ትራማዶል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የአእምሮ ኬሚካሎችም ስለሚነካ ድንገት ሲቆም ከባድ ጭንቀትና የእጅ መደንዘዝ ሊያመጣ እንደሚችል ነርሶቹ ያውቃሉ። በቀን ከ400 ሚሊ ግራም በላይ፣ ማለትም ከባለ 50ው ከስምንት ፍሬ በላይ ሲወስድ የቆየውንም ለብቻው ይከታተሉታል፤ በዚያ መጠን ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መጣል ያሰጋል። እስከዚህ ድረስ ምስጋና ይገባቸዋል።

ችግሩ ስምንተኛው ቀን ላይ ነው። ታካሚው «አብሽር፣ ከደምህ ወጥቷል» ተብሎ ይሸኛል። ከደም መውጣቱስ እውነት ነው፤ ትራማዶል በየስድስት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ በሁለት ቀን ውስጥ ያልቃል። ከወራት በኋላ የሚመለሰው ሐራራ ግን ድሮም ደም ውስጥ አልነበረም፤ የተቀመጠው አእምሮ በተማረው ነገር ውስጥ ነው። አእምሮ መድኃኒቱን ከቦታው፣ ከሰዓቱ፣ ከጓደኛው፣ ከስትሪፑ ድምፅ ጋር አያይዞ ይይዘዋል። አብርሃም ዊክለር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በኬንታኪ ሌክሲንግተን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፦ ካቆሙ ወራት ያለፋቸው ታካሚዎች ስለ መድኃኒቱ ሲያወሩ ብቻ ማዛጋት፣ ንፍጥና እንባ ይጀምራቸዋል። በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። መድኃኒቱን የሚያስታውስ ምልክት ሲያዩ የሚነሳው ፍላጎት ካቆሙ ማግስት ይልቅ ከሳምንታት በኋላ ይበረታል፣ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። «አንድ ወር ሞላኝ፣ ተሻለኝ» የሚባልበት ጊዜ እንግዲህ ዋናው የመጠንቀቂያ ጊዜ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ፋይሉን የዘጋው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት አሜሪካውያን ወታደሮች ጉዳይ ያሳያል። ሊ ሮቢንስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባጠናቻቸው ወታደሮች መካከል እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ የያዛቸው ብዙዎቹ አገራቸው ሲገቡ አላገረሸባቸውም። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ታካሚው ከሕክምናው ወጥቶ የሚመለሰው ይወስድበት ወደነበረው ሰፈር ነው። ጠበል ወራት ተቀምጦ ምንም ያላለው ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲወርድ ሐራራው ቢነሳበት ጠበሉን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለማብረድ ይወስድ ለነበረ ሰው ጫቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ትራማዶሉን ትቶ በርጫውን ማስቀጠል አያዋጣም። ሐዘን፣ ጠብና እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሱታል። ለጥርስ ሕመም ተብላ የምትዋጥ አንዲት ፍሬም እንዲሁ፤ ስለዚህ ጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ መስማት አለበት።

ሐራራው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከፍ ብሎ ይወርዳል። በዚያች ጊዜ ቦታ መልቀቅ፣ ለተመረጠ አንድ ሰው መደወል፣ ኪስ ውስጥ ገንዘብ አለመያዝ ይሠራል። ይህን የሚያሰለጥን ሰው ክሊኒኩ የለውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለእንቅልፍ ብለው ዲያዜፓም የተባለውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስትሪፕ አስይዘው መሸኘታቸው ነው። ሰውነት ከሳምንታት በኋላ የለመደውን መጠን መቋቋም አይችልም፤ የድሮውን መጠን ከዲያዜፓም ወይም ከአልኮል ጋር የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ለቤተሰብ አንድ ቃል አልተነገረም። ሊነገር የሚገባው አጭር ነው፦ የማይነቃ፣ የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ካያችሁ በጎኑ አስተኙትና ናሎክሶን (የኦፒዮይድ ማርከሻ) ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

ክሊኒኩ ናልትሬክሶን የሚባለውን መድኃኒትም አያነሳም። በቀን 50 ሚሊ ግራም የሚወሰድ፣ ኦፒዮይዱ እንዳይሠራ የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ከሰባት እስከ አስር ቀን ንጹሕ ሳይሆኑ ከወሰዱት ከባድ ሐራራ በአንዴ ይጥላል፤ ስለዚህ የሚጀመርበት ትክክለኛው ጊዜ ክሊኒኩ የሚያሰናብትበት ሳምንት ነው። የጉበት ምርመራም ይቀድመዋል።

ፍርዳችን፦ ለሰባቱ ቀን ጥሩ፣ ለቀጣዩ ዓመት ባዶ። መግባት የምትፈልጉ ከመክፈላችሁ በፊት በሁለተኛው ሳምንት፣ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ማን እንደሚያያችሁ ጠይቁ። «ካስፈለጋችሁ ኑ» ካሉ ሰባቱን ቀን እዚያ ጨርሱና ክትትሉን ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስቀጥሉ፤ የሰጧችሁን መድኃኒትና መጠኑን የሚገልጽ ወረቀት ተቀብላችሁ ውጡ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ቀጠሮውን ከሰኞ ገበያ ቀን ውጭ አድርጉት፤ ሚኒባሱ ቢዘገይ ተራችሁ ያልፋል።