ሀርቫርድ ወይስ ቺካጎ? ማኔጅመንትን የመማር ሁለት መንገድ

በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ውስጥ መምህሩ አያስተምርም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ይጠይቃል። ተማሪው የአንድ ድርጅትን እውነተኛ ታሪክ ማታ አንብቦ ያድራል፣ ጠዋት 90 ገደማ ሰው ፊት «አንተ ሥራ አስኪያጁ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል። ዝምታ ውጤት ያስቀንሳል። በሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ታሪክ 500 ያህል ያነባሉ። በጎዶሎ መረጃ መወሰንና ሰው ማሳመን የሚለመደው እንዲህ ነው። ግን አፈ ጮሌው፣ ነገሩ ከገባው ዝምተኛ በልጦ ሊታይ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ቺካጎ ቡዝ፣ መነሻው ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና ሳይኮሎጂ ነው። መጀመሪያ «ለምን?» ይባላል። የኖቤል ተሸላሚዎቹ ዩጂን ፋማና ሪቻርድ ቴለር የዚሁ ቤት ሰዎች ናቸው፤ የሚገርመው ስለ ገበያ ሁለቱ አይስማሙም፣ ክርክራቸው ራሱ ትምህርት ነው። ኮርስ የመምረጥ ነፃነቱም ሰፊ ነው።

ሰው መምራት ለሚከብደው ሀርቫርድን እመርጥለታለሁ። አዲስ ነገር ለሚፈጥር ግን ቺካጎ ይሻላል፤ ገና ያልተሠራ ነገር ተነቦ የሚታደርበት ታሪክ የለውማ።