ላይብረሪ ውስጥ ላገኘኋቸው አባት

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ መመረቂያ ጽሁፌን ያስገባሁ ዕለት ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ግን ዝም ብዬ ማለፉን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። የማመሰግነው የዩኒቨርሲቲያችን ላይብረሪ ሪፈረንስ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን ባለሙያ ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ ልተወው።

ነርስ ነኝ። ማስተርሴን የተማርኩት ሌሊት ተረኛ እየሆንኩ ነው። ርዕሴ የነርሶች የሥራ መታከት ነበር። የመረጥኩትም አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ አንድ ጠዋት ጋውኗን አጣጥፋ አስቀምጣ፣ ሙያውን ጥላ ስለወጣች ነው። ምን ሆና እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነበር።

እሳቸውን እስካገኝ ድረስ ግን አሳሬን አየሁ። "ጽሁፍ እናግዛለን" የሚሉ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ከፈልኩ። ያማረ የማጣቀሻ ዝርዝር ሰጡኝ፤ አማካሪዬ አንድ በአንድ ሲፈልጉት ግማሹ ጭራሽ ያልተጻፈ ጽሁፍ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን እፍረት እስካሁን አልወጣልኝም። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ደግሞ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ኢንተርኔት ላይ አለልሽ" አለኝ። ኢንተርኔት ላይማ ስንት ሌሊት አፍጥጬ አደርኩ! ይጠቅመኛል ያልኩትን ስነካው ክፈይ ይለኛል።

እኚህ አባት "ቁጭ በይ ልጄ" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ "ይህን ነገር የሙያው ሰዎች ምን ብለው ነው የሚጠሩት?" አሉኝ። ለካ እኔ ተራውን "ድካም" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነበር ስፈልግ የከረምኩት። ፐብሜድ የሚባለውን የሕክምና ጽሁፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ከፈቱና ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "አንቺ ጻፊው፤ እኔ ብጽፈው ነገ ይጠፋሻል" አሉ። የሥራ መታከትን የሙያው ሰዎች እንደሚጠሩት "በርንአውት" ብዬ፣ ሁለቱም ቃላት ያሉበት ጽሁፍ እንዲመጣ መሀል ላይ "ኤንድ" አስገብቼ፣ ነርስ የሚለውን ጨመርኩ። ሜሽ ስለሚባል የቃላት አመዳደብም አስረድተውኝ ነበር፤ እሱ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ብቻ ወራት ያጣሁት ነገር ፊቴ ተደረደረ።

ቀጥለው የአንዱን ጽሁፍ መጨረሻ ላይ ያለውን የማጣቀሻ ዝርዝር አሳዩኝ፤ የሌላውንም፣ የሦስተኛውንም። "ሁሉም ጋ ያለው ማነው?" ማስላክ እና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጽሁፍ። የመታከት መለኪያው መነሻ እሱ ኖሯል። ክፈይ ሲለኝ የነበረውም እሱው! "ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። እኛ ጋ የሌለውን ከሌላ ላይብረሪ እናስመጣልሻለን" ብለው ፎርም አስሞሉኝ። በሦስተኛው ቀን ኢሜይሌ ላይ ደረሰ። ተረኛ ነበርኩ፤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። የስሜት መሟጠጥ፣ ሕመምተኛን እንደ ሰው አለማየት፣ በገዛ ሥራ እርካታ ማጣት... ጓደኛዬ ፊቴ ድቅን አለች። እንባዬ መጣ።

ምርምር ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን አትበትኑ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ ገብታችሁ የሪፈረንስ ባለሙያውን ጠይቁ። ርዕሳችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ። ቤት ሆናችሁ በተማሪ መለያችሁ የላይብረሪውን የጽሁፎች ዳታቤዝ መክፈት ትችሉ እንደሆነም ጠይቁ፤ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖሬያለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ጠይቁ!

አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያን ጽሁፍ ለጓደኛዬም ልኬላታለሁ።