የእማዬን ጉልበት ላዳኑልን ሁለት ሰዎች

ለንደን ላላችሁና እናት አባታችሁ «ጉልበቴን» እያሉ ለሚያማርሩባችሁ ነው የምጽፈው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ደረጃ የምትወርደው በጎኗ ነበር፣ ግድግዳ ተደግፋ። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሲሰግድ እሷ ወንበር ላይ ትቀራለች። ይሄ ከሕመሙ በላይ ያንገበግባት ነበር። መጀመሪያ ያየን ሐኪም (ስሙን ልተወው) ራጁን ገረፍ አድርጎ አየና «ሙሉ ጉልበቷ ይቀየራል» ብሎ ሸኘን። እማዬ ደነገጠች። «ከዚህስ ወጌሻ ይሻለኛል» አለች።

ቀጥሎ የሄድንባቸው ቀዶ ሐኪም ግን ራጁን ስክሪኑ ላይ አጉልተው ሁለታችንንም ጠሩን። በጣታቸው አሳዩን። በውስጥ በኩል አጥንት ከአጥንት ገጥሟል፤ በውጭ በኩል ያለው ክፍተት ግን እንዳለ ነው። ጉልበቷን ይዘው ወደ ፊት ሳብ እያደረጉ ጅማቷን ፈተሹ። «የተበላው አንዱ ወገን ነው፤ ደህናውን ለምን እቆርጣለሁ?» አሉ። የተበላው ወገን ብቻ ብረት ይለብሳል፣ መሀሉ ላይ ፕላስቲክ ይገባል፤ ከፊል የጉልበት ቅያሪ ማለት ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ የተሠራው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አለ። ጉዳቱንም አልደበቁንም። ቁስሉ ያንሳል፣ ማገገሙም ይፈጥናል፤ ግን ከሙሉው ይልቅ ወደፊት እንደገና የመሠራት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። መገጣጠሚያው በሙሉ ለተበላ ሰው ደግሞ አይሆንም። እኔ ያመንኳቸው ያኔ ነው።

በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ስለሆነ ሳንቲም አልከፈልንም። ወረፋው ግን ያስለቅሳል።

በቀዶ ሕክምናዋ ማግስት ምርኩዝ ይዛ ቆመች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የፊዚዮቴራፒስቱ ነው፤ ወጣት ናይጄሪያዊ። ተረከዟ ስር ፌስታል አንጥፎ እግሯን ወለሉ ላይ ወደ ራሷ እንድትስብ ያደርጋታል። «ጨካኝ!» ትለዋለች በአማርኛ። እሱ ፈገግ ብሎ «አንድ ጊዜ ደግሞ» ይላል። ደረጃ ሲያስተምራት፣ ስትወጣ ደህነኛዋ እግር፣ ስትወርድ የታመመችው ትቅደም አለ። «ጥሩዋ ወደ ገነት፣ ክፉዋ ወደ ሲኦል ብላችሁ ያዙት።» ስተረጉምላት እማዬ ሳቀች። «ጻድቋና ኃጥኧዋ በለኛ!» ዛሬም ደረጃ ስር ስትደርስ «ጻድቋ፣ ቅደሚ» ስትል እሰማታለሁ።

አሁን አራተኛ ወሯ ነው። ደረጃውን ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። መንበርከክ ገና ይቆረቁራታል፤ ትራስ አድርጋ ትሞክራለች።

ዶክተር፣ ዘመንዎ ይባረክ። ወንድሜ፣ አንተም ተባረክ፤ የእማዬ ድፎ ዳቦ ይጠብቅሃል። ስማቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትሄዱ ራጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «የተበላው የቱ ጋ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።