ሰንሩፍ ሲያፈስ፦ ማሸግ፣ ኮፒ ጎማ መግዛት ወይስ በሜትር ማስቆረጥ?

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ስማ፣ የአንተም መኪና ያፈስ ነበር አይደል? ምን አደረግከው?» ባለፈው ክረምት ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። አንዱማ ዝናቡ ሳያባራ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው የደወለው። ጠብ ጠብ ሲል በስልክ ይሰማኛል። አራተኛውን አስረድቼ ስጨርስ ደከመኝና ይሄን ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። ከእንግዲህ የሚደውል ሰው መጀመሪያ ይሄን ያንብብና ይደውል።

አስቀድሜ ልናገር፤ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። በሰንሩፍ፣ ማለትም ጣራው ላይ ባለው ተከፋች መስታወት፣ የሚገባውን ውሃ ለማውረድ በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠው የሲልከን ቱቦ ጎማ ወገን ነኝ። ምክንያቱ የወጣብኝ ብር ነው፤ እያንዳንዷን እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ በፈረንጅ 2003 የተሠራች ራቭ ፎር ነች። ስገዛት ሰንሩፏ ልቤን ወስዶት ነበር። ከገዛኋት ወዲህ ግን ምናልባት አሥር ጊዜ ብከፍተው ነው። ማፍሰስ የጀመረችው በ2016 ክረምት ነው። መጀመሪያ የፊት ምንጣፉ ረጠበ። እኔ በሩ በደንብ አልተዘጋም ብዬ ተውኩት። ከዚያ ነሐሴ ገባና፣ በፍልሰታ አማቴን ከቅዳሴ እየመለስኳቸው አደባባይ ስዞር ከኮርኒሱ ውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። እንስራ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ጀርባ ላይ የሚሰማው ዓይነት ነው። ወዲያው ከመብራቱ ጠርዝ ውሃው ነጠላቸው ላይ ዘረገፈ። ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ የመኪናም ቆርቆሮ ይበሳል እንዴ?» አሉኝ። ውሃው የዛገ ቆርቆሮ እንደነካ ቢጫ ነበር። ነጠላው ታጥቦም አልለቀቀም።

ቆርቆሮው አልተበሳም። አብዛኛው ሰው፣ መካኒኩም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰንሩፍ ጠብታ እንዳያስገባ ተደርጎ አልተሠራም። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል እንጂ ጥቂቱ ሁልጊዜ ያልፈዋል። ያለፈው ከመስታወቱ ሥር ባለ ቦይ ይጠራቀማል። የቦዩ ማዕዘኖች ላይ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ መኪና ላይ አራት ናቸው። ከየቀዳዳው ቀጭን የጎማ ቱቦ ይነሣል፤ ከዚህ በኋላ «ጎማ» ስል እሱን ነው። የፊቶቹ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባለው ምሰሶ፣ የኋላዎቹ በኋለኛው ምሰሶ ውስጥ ወርደው ውሃውን ውጭ ይጥሉታል። የቤት ጣራ አሸንዳ በሉት። አሸንዳው ከተደፈነ ወይም ከተሰነጠቀ ውሃው መንገዱን ኮርኒሱ ላይ ያደርጋል።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ለመደፈን ብዙ አይፈጅበትም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቦዩ አቧራ ይጠጣል። ጥድ ሥር የምታድር መኪና ከሆነች ቅጠሉም ይጨመርበታል። ሰኔ ላይ ያ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ጎማው ውስጥ ይገባል። ጎማው ራሱም ሃያ ዓመት ካለፈው ደርቋል፤ ስታጥፉት እንደ ጥሬ ፓስታ ቀጭ ይላል።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ አሳሸግኩት።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ገና ሳያየው «ላስቲኩ አልቋል፣ በሲልከን እንዝጋው» አለ። ማሸጊያው 450 ብር፣ የእጅ ዋጋ 1,500። በድምሩ 1,950። በመስታወቱ ዙሪያ እንደ ኬክ ክሬም ለቀለቀው። ለዘጠኝ ቀን ደረቅ ሆነች። በአሥረኛው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ያው ጠብ ጠብ ተመለሰ። ሲልከን ከቆርቆሮ ቀለም ላይ በአንድ ጥግ መላጥ ከጀመረ አለቀ። የገባው ውሃ ደግሞ መውጫው ስለተደፈነ እዚያው ይቆያል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ልጄ የመክፈቻውን ቁልፍ ነካችው። ሞተሩ የተጣበቀውን መስታወት ሊከፍት ታገለና ፊውዙ ተቃጠለ። ያንን ሲልከን አስፍቆ መስታወቱን ለማላቀቅ ሌላ 2,000 ብር ሄደ። ለማሸግ ከከፈልኩት ይልቅ የታሸገውን ለማስከፈት የከፈልኩት ይበልጣል!

ስለዚህ ከምርጫዎቹ ውስጥ ማሸግን ሰርዙት። ዋጋው ርካሽ ስለሚመስል ነው ሰው የሚሳበው።

ሌላ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጽዳቱን ሞክሩ፤ ለብዙ ሰው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሰንሩፉን ክፈቱ። በግማሽ ሃይላንድ ውሃ ወደ አንዱ የፊት ማዕዘን ቀስ አድርጋችሁ አንጠብጥቡ። ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ከበሩ ማጠፊያ አካባቢና ከመኪናው ሥር ይይ። ቶሎ ከወረደ ያ ጎማ ደህና ነው። ቦዩ ውስጥ ከተኛ ተደፍኗል። ቦዩ ላይ ሳይተኛ፣ ከሥርም ሳይወጣ የፊት ምንጣፉ ከረጠበ ግን ጎማው ወይ ተሰንጥቋል ወይ ከአፉ ወልቋል። ያን ጊዜ ጽዳት አያድናችሁም።

ለመጥረግ ሁለት መንገድ አለ። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ በንፋስ ማስነፋት፤ እኔን 150 ብር አስከፍሎኛል። ችግሩ ልጆቹ የኮምፕሬሰሩን ሙሉ ጉልበት ይለቁበታል። የደረቀ ጎማ ያንን አይችልም፤ ኮርኒሱ ውስጥ ከአፉ ይወልቃል። ተደፍኖ የነበረው አሁን ክፍት ቱቦ ሆኖ እግራችሁ ላይ ያፈስላችኋል። ከ2 ባር እንዳያልፍ አስቀንሱት፤ ንፋሱም በየተራው እፍ እፍ ይባል እንጂ አይለቀቅ። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ነው። 120 ብር ገዛሁት። ጫፉ ጎማ እንዳይወጋ በቀጭኑ ፕላስተር ጠቅልሉት። እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከእኔ የወጣው ነገር፣ ይቅርታ፣ የቡና አተላ ይመስላል። አንዳንድ መኪና ላይ የጎማው የታች ጫፍ እንደ ዳክዬ አፍ የተገጠመ ነው። ጭቃው የሚቆመው እዚያ ስለሆነ እሱን በጣታችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት።

የእኔዋ በጽዳት አልዳነችም። የሹፌሩ በኩል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ ነበር። መግዛት ግድ ሆነ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሻጩ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ በላስቲክ የታሸገ ጥንድ ጎማ አወጣ። «ኦርጅናል ነው አለቃ፣ የራሱ የካምፓኒው።» 5,000 ብሎ በ3,800 ተስማማን። ለማስገጠሚያ 3,000። በአንድ ቀን 6,800 ብር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ደስታዬ እስከ በልግ ነው የቆየው። ሚያዝያ ላይ ጣል ሲያደርግ ምንጣፉ እንደገና ረጠበ። ኮርኒሱን ስናወርደው ጎማው ከላይ፣ ወደ ምሰሶው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተጨፍልቋል። የበጋ ፀሐይ ጣራውን ሲያግለው ለስልሶ ወደ ውስጥ ተኝቷል፤ እንደተኛ ደርቋል። ቀዳዳው ወረቀት አያስገባም። ጥራቱ የወረደ ነገር ነው። ሽታውም ይናገር ነበር፤ ስገዛው ልብ አላልኩትም እንጂ የተቃጠለ በረባሶ ይሸታል። ሻጩ ጋ ስመለስ «ገጣሚው ነው ያጣመመው» አለ። ገጣሚው «ዕቃው ነው» አለ። ብሬ መሀል ላይ ቀረ።

ኮፒ የምትገዙ ከሆነ፣ አትግዙ እንጂ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ በጣታችሁ ላይ እንደ ቀለበት አዙሩት። ከተጨፈለቀ መልሱት።

እውነተኛው ኦርጅናልስ? ዱባይ ያለ ዘመዴን በሻንሲ ቁጥሩ አስጠየቅኩት። ወደ ብር ሲመታ ለሁለቱ የፊት ጎማ 11,000 ገደማ መጣ። ያውም ማምጫውን ሳይጨምር፣ ያውም ሻንጣው ቦታ ያለው መንገደኛ እስኪገኝ ጠብቄ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ጠይቆ መደንገጥ ለምደናል። ለአንዳንድ መኪና ደግሞ ጎማው ለብቻው አይሸጥም፤ ከነቦዩ ነው። ጥራቱን አላማም። ገንዘብ ያለው፣ ወይም የሚመጣ ዘመድ ያለው፣ ያስመጣ። ግን የምናወራው ስለ ውሃ ማውረጃ ነው፤ ካምቢዮ አይደለም።

አሁን ወደ እኔው ነገር። የማኪያቶ ማሽን የሚጠግን ጎረቤት አለኝ። ሳማርረው ሰምቶ ከሳጥኑ አንድ ክንድ የሚሆን ነጣ ያለ ለስላሳ ጎማ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይሄ የፈላ ውሃ ቀኑን ሙሉ ያሳልፋል። የአንተ ፀሐይ ምን ያደርገዋል?» የሲልከን ጎማ ነው። ከማሸጊያው ጋር ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው ለየቅል። የቡና ማሽን መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች በሜትር ይቆርጡታል። ሜትሩን በ320 ብር ገዛሁ። ለሁለቱ የፊት 4 ሜትር በቃኝ፤ 1,280 ብር። የእጅ 2,500። ድምሩ 3,780። ማለትም ከኮፒው ጎማ ዋጋ፣ ያለ እጅ፣ በሃያ ብር ያንሳል። ቀደም ብሎ በማሸግ፣ በማላቀቅና በኮፒው በከንቱ የሄደው 10,750 ብር በሙሉ ጎማ ቢሆን 33 ሜትር ይገዛ ነበር። ከግቢዬ በር እስከ አስፋልቱ ይደርሳል።

እሱም ላይ ማጭበርበር አለ። ግልጹን የፕላስቲክ ጎማ፣ ያንን ውሃ ልክ ማያ ግንበኞች የሚይዙትን፣ ሲልከን ነው ብለው ይሰጧችኋል። ሜትሩ 80 ብር ከሆነ ሲልከን አይደለም። አጥፋችሁ ጨምቁት፤ ፕላስቲኩ የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር ይሠራል፣ ሲልከኑ ምንም ሳይሆን ይመለሳል። ካልተማመናችሁ ጫፉን ቁረጡና በክብሪት አቃጥሉት። ሲልከን ነጭ አመድ ይተዋል። ፕላስቲኩ ጥቁር ጭስና አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ አለው። ሻጩ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

ልኩ ላይ አትሳሳቱ። ጎማው የሚለብሰውን የቦዩን አፍ ውጭውን በካሊፐር ለኩት። የእኔ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ 9 የሆነ ጎማ ወሰድኩ፣ ጨምቆ ይይዛል። የጎማው ግድግዳ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይሳሳ። የባለቤቴ ወንድም ለመቆጠብ ብሎ የግሉኮስ ቱቦ ያስገጠመ ሰው ነው። በሳምንቱ አንዲት የጥድ ቅጠል ደፈነችው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ሸንተረር ሸንተረር ያለውን ቱቦ የሚገጥሙም አይቻለሁ። በየሸንተረሩ ጭቃ ይይዛል፣ እሱም አይሆንም።

የሲልከን ጎማ አንድ እውነተኛ ድክመት አለው፤ ስለት አይችልም። የቆርቆሮ ጠርዝ ከነካው ይቀደዳል። ጠርዝ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣችሁ አልብሱት።

አገጣጠሙ ላይ ብር የሚቆጥብ ዘዴ አለ። መካኒኩ «ኮርኒሱ በሙሉ ይወርዳል» ብሎ 5,000 ሊጠራ ይችላል። ለፊቶቹ አያስፈልግም። የምሰሶው ሽፋን ይነሣና የኮርኒሱ ጥግ ብቻ ዝቅ ይላል። አሮጌው ጎማ ሳይወጣ የአዲሱ ጫፍ ከእሱ ጋር በክር ይታሰራል፣ ከታች ሲሳብ አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ቀሚስ ላይ ላስቲክ የምታስገባ ልብስ ሰፊ እንደምታደርገው ነው። የእኔ በሁለት ሰዓት አለቀ። ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ያለበት መኪና ከሆነ ባትሪው ይነቀል፣ የሚያውቅ ሰው ይንካው። ጎማው መሀል ላይ ረግቦ ሆድ እንዳይሠራ፣ ጫፉም የግድ ከቆርቆሮው ውጭ እንዲወጣ ቆማችሁ እዩ። የበሩ ደፍ ውስጥ ከቀረ ውሃው ከእግራችሁ ተነሥቶ ቆርቆሮውን ሊበላ ነው የሄደው።

ከዚያ ምንጣፉን አንሡ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ላዩ ደርቆም ውሃ ያዘለ ነው፤ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ሻጋታው አይለቅም። የእኔ ሦስት ቀን ፈጀ።

የኋላዎቹን ሁለቱን ገና አልቀየርኩም። ሃይላንዱን ሳፈስባቸው ይወርዳሉ፤ ግን ሲነኩ ደርቀዋል። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ጠየቅኩ። ሜትሩ 360 ገብቷል።